ስምንተኛው ጉድጓድ

ነይ ጠጋ በይ አድና። እዚህ ቁርበቱ ላይ ተቀመጪ፤ መሬቱ ገና እርጥብ ነው። ጷጉሜን መቼም ታውቂዋለሽ፤ ዝናቡ ልሂድ ብሎ ከተነሳ በኋላ በር ላይ ቆሞ ሌላ ወሬ እንደሚጀምር እንግዳ ነው። ወረቀትሽን እጠፊው፣ እንዳይርስብሽ። የጠየቅሽኝን ሰምቻለሁ፤ ዝም ያልኩት ከየት እንደምጀምርልሽ ሳስብ ነው።

መቶ ሃያ እናቶች ጠየቅሁ አልሽኝ። ምጥ ሲጀምራቸው ከቤታቸው ተነስተው ጤና ጣቢያችሁ እስኪደርሱ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅባቸው። ደምረሽ ስታካፍይው ሁለት ሰዓት መጣልሽ። ያንን ልትልኪ ስትይ አለቃሽ «በየሳጥኑ ከምሪው፤ ሂስቶግራም ሥሪለትና እንየው» ብሎ መለሰብሽ። አንቺም ከንፈርሽን ጥለሽ መጣሽና «እምዬ፣ አንድ ቁጥር በእጄ እያለ መቶ ሃያውን እንደገና ምን ያስቆልለኛል?» አልሽኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩ፤ የነገሩንም ስም አፌ አልያዘውም። ግን እናቴ የነገረችኝ አንድ ወሬ አለ። ልንገርሽና ስጨርስ አንቺው ፍረጂ።

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው። ሚስቱ ሞታለች፤ አንድ ልጅ አለው፣ አንድ በሬ አለው። አንድ በሬ ያለው ሰው እንዴት እንደሚያርስ ታውቂያለሽ፤ እንደሱው አንድ በሬ ካለው ጎረቤት ጋር ይቀናጃል። አንድ ቀን ለእሱ፣ አንድ ቀን ለዚያኛው። ዝናቡ ደግሞ የእነሱን ተራ አያውቅም። አፈሩ ለስልሶ «ዛሬ ካላረስከኝ» የሚልበት ቀን ጥንዱ ሁልጊዜ ከጎረቤት ማሳ ላይ ነው።

ልጁ ዳኘው ይባላል። አዲስ ያገባ ነው፤ ከአባቱ ቤት ጎን ጎጆ ቀልሶ ሚስቱን አምጥቷል። በሐምሌ መጀመሪያ አንድ ጠዋት አባቱ ሞፈር ሲጠርብ መጥቶ አጠገቡ ቁጢጥ አለ።

«አባባ፣ ቆላ ልውረድ። ሰሊጥ አርሜ በሬ ይዤ ልመለስ።»

«ሙሽራህንስ?»

«እሷማ እርስዎን ትጠብቅልኝ።»

«እኔን ጅብ የሚበላኝ መስሎህ ነው?»

ሳቁ። ተሳስቀው ተለያዩ። ያችን ሳቅ ነው አባትየው በኋላ ሲያመነዥካት የከረመ። «አትሂድ ብለውስ ኖሮ» ይላል። ከዚያ ደግሞ «ልጅ በሬ ሲመኝ አባት ምን ይላል» ይላል። ሰው ሲናፍቅ እንዲህ ነው ልጄ፤ ከራሱ ጋር ሲሟገት ይውላል።

እንግዲህ በዚያ አገር ቆላ የወረደ ሰው ቀን አይቆጠርለትም፤ የሚቆጠርለት ገበያ ነው። ገበያው በቅዳሜ ይቆማል። «ከሄደ ስንት ገበያ ሆነው?» ነው የሚባባሉት። ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን አንድ የተማሩ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሰው ሁሉ «የኔታ» ነው የሚላቸው። የኔታ በጉልምስናቸው ከቆላ የተመለሰውን ሁሉ ጠየቁ፤ ደመሩ፤ ለሁሉም እኩል አካፈሉና «ቆላ የወረደ በስምንት ገበያ ይመለሳል» አሉ። ሰዉ ቃሏን እንደ በዓል ያዛት። ስምንተኛው ቅዳሜ ሲደርስ ሚስቶች ቤታቸውን እበት ይለቀልቃሉ፣ ጸጉራቸውን ቅቤ ይቀባሉ። አባቶች ንጹህ ነጠላ ይዘው ወደ ወንዙ መሻገሪያ ይወርዳሉ። በዘጠነኛው ስለዚያ ሰው ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። አስረኛው ሲያልፍ በማግሥቱ እሁድ ልብሱን አልጋ ላይ ዘርግተው ያለቅሱለታል። ሬሳ የለማ፤ ልብስ ነው የሚለቀስለት። ከዚያ ልብሱ ለነዳያን ይሰጣል፤ ሚስትየውም ጊዜዋን ጠብቃ ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች።

አንድ ዓመት አንዱ ልብሱ ከተዘረጋ ከሁለት ሳምንት በኋላ በእግሩ መጣ አሉ። ከደጀ ሰላሙ ቢደርስ የራሱን ጋቢ የለበሰ ለማኝ ቁጭ ብሏል። «ይሄ የማነው?» ቢለው «የሟች ነው፣ ነፍስ ይማር» አለው። ምን ትስቂያለሽ? እሱ አልሳቀም። ሚስቱ እንኳ ሳምንት ሙሉ እጁን አልነካችም፤ ጥላ አለው የለውም እያለች ከኋላው ታይ ነበር። ሰዉም «ከሞት ተመለሰ» አለ እንጂ «ቁጥሩ ተሳስቷል» ያለ አንድ ሰው አልተገኘም።

ወደ ሰውየው ልመለስልሽ። ሦስተኛው ገበያ አለፈ፤ ጥቂት ሰዎች መጡ። በአራተኛው ብዙ መጡ፤ ዳኘው የለም። አባትየው አልደነገጠም፤ ስምንቱን ነው የሚጠብቀው። ስምንተኛው የገባው በዚህ ሰሞን፣ በጷጉሜን ነበር። ምራቱ ቤቱን ለቅልቃ፣ ጸጉሯን ተቀብታ፣ የባሏን ነጠላ አጥፋ ሰጠችው። እሱም ወረደ። ወንዙ እንደ ጭቃ ቀልቶ፣ ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍ እያገላበጠ ይሄዳል። ማዶ ሰው የለም፤ ውሻ የለም። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ማዶ ማዶውን አየ። ዓይኑ ሲደክም ቁጥቋጦው ሁሉ ሰው ይመስለዋል፤ ይነሳል፤ ደግሞ ይቀመጣል።

ሲመለስ ምራቱ በር ላይ ቆማለች። መጣ ወይ ብላ አልጠየቀችውም።

«አባባ፣ ውሃው ሞልቷል?» አለችው።

«ሞልቷል ልጄ።»

«እንግዲያ ውሃው ነዋ» አለችና ነጠላውን ተቀብላው ገባች።

በዘጠነኛው የሰዉ ድምፅ ዝቅ አለ። የምራቱ አባት ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ አባት ነው እሱም። ተቀመጡ፤ ስለ ዝናቡ ተነጋገሩ፤ ስለ አረሙ ተነጋገሩ። ከዚያ አማቹ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወዳጄ፣ ልጅህ ልጄ ነበረ። ግን ስምንቱ አልፏል። የሚመጣው ቅዳሜ አስረኛው ነው። እሁድ ልብሱ ይዘርጋና ልጄም ሐዘኗን ትወቅ። በሩን እያየች እንድታረጅ አልፈልግም።»

«ጥቂት ገበያ ጨምሩልኝ» አለ ሰውየው።

«በምን ምክንያት?»

ሰውየው ምክንያት ፈለገ፤ አጣ። «ናፍቆኛል» አለ።

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። አማቹ ቀስ ብሎ «ናፍቆትማ ለሁላችንም አለ። ለሽምግልና ግን ናፍቆት አይቀርብም፤ ነገር ነው የሚቀርብ» አለው። ተነስተው ሄዱ።

ሰውየው ያን ቀን እህል አልቀመሰም። በማግሥቱ የኔታ ዘንድ ሄደ። የኔታ ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ።

«የኔታ፣ ያችን ስምንት ከየት አመጧት?»

«ከተመላሾቹ አፍ ነዋ። ሁሉን ደምሬ፣ እኩል አካፍዬ።»

«በስምንተኛው ገበያ የመጣ ሰው ማነው? ስሙን ይንገሩኝ፤ ሄጄ ልየው።»

የኔታ አሰቡ። ጢማቸውን ያዙ። ጣት አጠፉ፣ ዘረጉ።

«ስሙን እንኳ… አንዱ ቀድሞ ይመጣል፣ አንዱ ዘግይቶ ይመጣል። እኔ መሐሉን ነው የያዝኩ።»

«ታዲያ ማንም ባልመጣበት ቀን ነው ልጄን የጠበቅሁት?»

የኔታ ዋሽተው አይደለም እኮ አድና፤ ድምሩም ልክ ነው፣ ማካፈሉም ልክ ነው። ግን የሰዎቹ ፊት ከቁጥሩ ውስጥ ጠፍቷል።

አስረኛው ቅዳሜ ደረሰ። በማግሥቱ ልብሱ ሊዘረጋ ነው። ሰውየው ማለዳ ዶማውን ይዞ ከገበያው ዳር፣ ወንዶች ገበጣ ከሚጫወቱበት ዛፍ አጠገብ ሄደና መሬት መቆፈር ጀመረ። ከዚያ ከቆላ ተመልሶ የሚያውቀውን ሁሉ ጠራ። «አንድ አንድ ጠጠር ያዙልኝ» አለ። «የዘንድሮም፣ የአምናም፣ የድሮም።» አርባ ሦስት ሰው ተሰበሰበ። የተሰበሰበው ሁሉ አዝኖለት እንዳይመስልሽ፤ ግማሹ አበደ የተባለ ሰው ሊያይ ነው።

መጀመሪያ የቆፈረው ሁለት ጉድጓድ ነበር። «ከስምንት ገበያ በፊት የመጣ ጠጠሩን እዚህ፣ ከስምንት በኋላ የመጣ እዚያ ይጣል» አለ። ጣሉ። ሃያ አራቱ በአንዱ፣ አስራ ዘጠኙ በሌላው። አየው አየው፤ ሁለት ክምር ብቻ ነው። ስምንቱ መሐል ላይ እንደ ዳኛ ተቀምጦ፣ ግራና ቀኙ ሊተካከል ጥቂት የቀረው። ይህ የኔታ ያሉትን ደግሞ ከማለት ሌላ የሚነግረው የለም።

«ጠጠራችሁን አንሱ» አለ። አሁን ደግሞ ለየቀኑ አንድ ትንሽ ጉድጓድ ሊቆፍር ተነሳ። መቶ ያህል ማለት ነው። ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ጫረው። አንዱ ቀልደኛ ዱላውን ተደግፎ «ድንች ልትተክል ነው እንዴ? ዘሩን እኔ ላምጣልህ» አለው። ሰው ሳቀ። ጠጠሩን ሲጥሉት እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ፣ መሐሉ ባዶ፣ ደግሞ አንድ። እንደ ፍየል በጠጥ ተበታተነ። ደግሞስ ቀኑን ማን ያስታውሳል? «በሃያ ስድስተኛው ይሁን በሃያ ሰባተኛው እኔንጃ» እያሉ ሁለት ጉድጓድ መሐል ቆመው የሚከራከሩ ነበሩ።

ሰውየው ዶማውን ጥሎ ተቀመጠ። ፀሐይ ከአናቱ ላይ ደርሳለች። ነገ እሁድ ነው። የልጁን ሸሚዝ በሐሳቡ አልጋ ላይ ተዘርግቶ አየው፤ እጅጌው ግራና ቀኝ ተዘርግቶ፣ ውስጡ ሰው ሳይኖር።

«ስንት ገበያ ቆየህ ብትለኝ እኮ ወዲያው እነግርህ ነበር» አለ ከቆሙት አንዱ። «እኔ ገበያዬን አልረሳም፤ ሚስቴ ቆጥራልኛለች።»

ሰውየው ቀና አለ። ተነሳ። ለየገበያው አንድ አንድ ጉድጓድ፣ በአንድ መስመር፣ አስራ ስድስት ቆፈረ። በጣም የሰፋም የጠበበም አይደለም፤ ሰዎቹ ራሳቸው ሲናፍቁና ሲናፈቁ በቆጠሩት ልክ ነው። «በየገበያችሁ ጣሉልኝ» አላቸው።

አንድ በአንድ እያለፉ ጣሉ። የመጨረሻው ሰውዬ ጠጠሩን ይዞ ከመስመሩ ጫፍ ቆመ። «ጉድጓድህ አለቀብኝ፤ እኔ ዓመት ነው የቆየሁ» አለ። «እንግዲያ ሄደህ ከዚያ ዛፍ ሥር አስቀምጣት» አለው። ሄዶ ብቻዋን አስቀመጣት።

ሰውየው በደረቱ ተኛና ከጎን አየ። በሦስተኛው ጉድጓድ አምስት ጠጠር፤ በአራተኛው አስራ አንድ፣ ሞልቶ ተቆልሏል፤ በአምስተኛው ስድስት፤ በስድስተኛው ሁለት። ከዚያ ባዶ። ሰባት ባዶ፣ ስምንት ባዶ፣ ዘጠኝ ባዶ፣ አስር ባዶ። ከዚያ በአስራ አንደኛው አራት፤ በአስራ ሁለተኛው ዘጠኝ፣ ደግሞ ተቆልሏል፤ በአስራ ሦስተኛው አምስት። ሁለት ጉብታ፤ መሐላቸው ሸለቆ። ስምንተኛው ጉድጓድ ከሸለቆው ውስጥ፣ ቅጠል እንኳ ያልወደቀበት።

ያ ቀልደኛ ዱላውን ከብብቱ አወረደ። የኔታ በመቋሚያቸው እየተመሩ መጡና በስምንተኛው ላይ አጎንብሰው ቆዩ። «ይችን ነበር ሳስጠብቃችሁ የኖርኩ» አሉ።

ሰውየው ግን ገና አልጨረሰም። ወደ ሁለተኛው ጉብታ ሰዎች ዞረ። «እናንተ በየት ነው የመጣችሁ?»

«ውሃው ዘጋን። በላይ፣ በወንዙ ራስ ዞረን ነው።»

«አንተስ?»

«እኔም በላይ።»

አስራ ስምንቱም በላይ። የመጀመሪያዎቹን ጠየቀ፤ ሁሉም በመሻገሪያው። እንግዲህ ያ ቀን ሙሉ ዓይኑ እስኪፈዝ ያየው ማዶ፣ ልጁ በሕይወት ቢኖር እንኳ የማይመጣበት ማዶ ነበር።

«በላይ በኩል ስትመጡ የመጨረሻ ማረፊያችሁ የት ነው?»

«ከአፋፉ ሥር፣ ጠበሉ ጋ። ወባ የያዘው እዚያ ይወድቃል። እኔ አንድ ሳምንት ወድቄአለሁ» አለ አንዱ። «እኔም» አለ ሌላው።

ይህን ጊዜ አንዲት ሴት ከሰዉ መሐል ወጣች። ባሏ ቆላ ከወረደ ሦስት ዓመቱ ነው። ልብስ አላስዘረጋም ብላ ከዘመድ ተጣልታ ብቻዋን የምትኖር። በእጇ ጠጠር ይዛለች።

«የእኔንም ባል ጣልልኝ» አለችው።

«ስንት ገበያ ቆየ እህቴ?»

«አልመጣም።»

ሰውየው ጉድጓዶቹን አየ፤ እሷን አየ። «እህቴ፣ ይህ የመጡት ነው» አላት።

«ያልመጡትስ የት ነው?»

ያን ጊዜ ገባው። የቆለለው የተመለሱትን ብቻ ነው፤ የቀረ ሰው ጠጠር ይዞ አይመጣም። ሁለተኛው ጉብታ ልጅህ ይመጣል አላለውም። ቢመጣ በዚህ ሰሞን ነው፣ በዚያ በኩል ነው፤ ይህን ብቻ ነው ያለው። ደስታው ከአፉ ላይ ቀዘቀዘ። ቢሆንም ያለ ምክንያት ከመናፈቅ ይሻላል።

ወደ አማቹ ዞረ። «አሁን ነገር ይዤ ቀርቤአለሁ» አለው። አማቹ ስምንተኛውን አየ፣ አስራ ሁለተኛውን አየ፣ ጭንቅላቱን አከከ። «እስከ አስራ ሦስተኛው ልብስ አይዘረጋም» አለ። «ከዚያ ወዲያ ግን አትለምነኝ።»

ምራቱ በሶ ቋጠረችለት። በር ላይ ስትሸኘው «ሲያገኙት ልብስህ አልተዘረጋም ይበሉልኝ» አለችው። «ካገኙት» አላለችም።

ወንዙን ተወው፤ ወደ ላይ ወጣ። ሦስት ቀን ነው መንገዱ። በመጀመሪያው ቀን ከቆላ የሚመለሱ ሁለት ሰዎች አገኘ፤ ከሩቅ ሲያያቸው ልቡ ሄደ፤ ሲቀርቡ የሌላ ሰው ልጆች ናቸው። በሁለተኛው ቀን አምስት አገኘ። ሁሉንም ፊት ፊታቸውን ያያል። አንዱ «ምን ጠፍቶህ ነው አባቴ?» ቢለው «አንድ ቀጠን ያለ፣ ሲስቅ ጥርሱ የሚቀድመው» አለው። «በዚህ መንገድ የሚስቅ ሰው አላየንም» አለው መንገደኛው። ሁሉም ከስተዋል፣ ሁሉም ዓይናቸው ቢጫ ነው። ከየፊቱ ላይ የልጁን ፊት ሲፈልግ የልጁ ፊት ራሱ ሊጠፋበት ደረሰ። አፍንጫው እንዴት ነበር? ይህን የሚያውቀው የናፈቀ ብቻ ነው ልጄ። አብዝተሽ ስታስቢው መልኩ ይሸሽሻል።

በሦስተኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ ጠበሉ ጋ ደረሰ። የጠበሉ አስተናባሪ ለታመሙት ዳስ ሠርቶላቸዋል፤ ስድስት ሰው ተኝቷል። አንድ በአንድ ገለጠ። አምስተኛው ላይ ሲደርስ የተኛው ራሱ ዓይኑን ገለጠና አየው።

«አባባ» አለ። «ማን ነገረዎት?»

«አርባ ሦስት ሰው» አለው አባትየው።

ዳኘው አልገባውም፤ ትኩሳቱ ነው መሰለው። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። አብረውት የነበሩት ቆይተው ቆይተው፣ አይተርፍም ብለው ትተውት ከሄዱ አራት ቀን ሆኗል። እነሱ በሌላ ሸንተረር ወደየአገራቸው ወርደዋል እንጂ ወደ እነዳኘው አገር የሚመጣ አልነበረም፤ መልእክት የሚያደርስም አልነበረም።

«በሬ አልያዝኩም» አለ ልጁ። ዓይኑ ሞላ።

አባትየው በሶውን በጠበሉ በጠበጠና ራሱን ቀና አድርጎ በጣቱ አቀመሰው። «ልብስህ አልተዘረጋም ብላሃለች» አለው። ልጁ ያን ጊዜ አለቀሰ። አራት ቀን አስታመመው፤ ከዚያ አንዴ እያዘለ፣ አንዴ እየደገፈ፣ በአስራ ሦስተኛው ገበያ ዋዜማ፣ በላይኛው መንገድ በኩል አገሩ አገባው።

እንግዲህ አድና፣ የአንቺ ሁለት ሰዓት ያች ስምንተኛ ገበያ እንዳትሆን ነው የምፈራው። እስቲ አሁን ልጠይቅሽ፤ ከመቶ ሃያው ውስጥ ሁለት ሰዓት ሄዳ የመጣች አንዲት እናት ጥሪልኝ። አጣሽ አይደል? የኔታም አጥተው ነበር። ከሜዳው ያሉት በግማሽ ሰዓት ደርሰው ይሆናል፤ ከገደሉ ማዶ ያሉት ደግሞ ለአራት ሰዓት ሲሸከሟቸው ውለው ይሆናል። አንቺ ሁለት ብለሽ ከላክሽው ምጥ የያዛቸውን የሚያመጣውን መኪና ማንም ከማይጠብቅበት ቦታ ያቆሙታል። ምናልባትም አንድ ጉብታ ብቻ ይሆናል፣ ሁለት ሰዓቱም ከአናቱ ላይ ይቀመጣል፤ እንዲያ ከሆነ እሰየው፣ ላኪው። ሳታዪ ግን አትላኪ። ሳጥንሽን ስትቆርጪ ሁለት ብቻ አድርገሽ አታድበስብሺው፤ መቶ አድርገሽም አትበትኝው። እየሞከርሽ ለዋውጪው፤ መልኩ እስኪወጣልሽ። ሁለት ጉብታ ካየሽ «እናንተ በየት ነው የመጣችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። ብቻዋን ርቃ የተቀመጠች ጠጠር ብታገኚ አትወርውሪያት፤ ያቺም ሰው ናት። ያችን የባሏን ጠጠር ይዛ የቆመችዋን ሴት ደግሞ አደራ። በጎጆዋ የወለደች፣ መንገድ ላይ የቀረች፣ በወረቀትሽ የለችም። ክምርሽን ከሠራሽ በኋላ ቆመሽ «ያልመጡትስ የት ናቸው?» በይ። እሱን አለቃሽም አይጠይቅሽ ይሆናል፤ አንቺ ግን ጠይቂ።

ሰዎቹ ምን ሆኑ ብትይ፣ ዳኘው ዳነ። ወባዋ በየዓመቱ እየመጣች ብታንቀጠቅጠውም ቆላ ዳግመኛ አልወረደም። ሚስቱ አራት ወለደችለት፤ ሁለቱ አደጉ። አባትየው ሁለተኛ በሬ ሳይኖረው፣ ከጎረቤቱ ጋር እንደተቀናጀ አርሶ አርጅቶ ሞተ። አማቹ ከዚያ ወዲያ ሽምግልና ሲቀመጥ ነገሩን ሁለት ጊዜ ይጠይቅ ነበር ይባላል። የኔታ ስምንትን መናገር ተዉ፤ «በመጀመሪያ በታች ጠብቁ፣ ካልሆነ በላይ ጠብቁ፣ ልብስ ለመዘርጋት አትቸኩሉ» እያሉ አስተማሩ። ጉድጓዶቹን የገበያው ከብት ረግጦ ደፈናቸው። ያች ሴት ከዚያ ወዲያ ሁለት ክረምት በመሻገሪያው፣ ሁለት ክረምት በላይኛው መንገድ ጠበቀች። በአምስተኛው ዓመት የባሏን ልብስ በገዛ እጇ ዘርግታ አለቀሰች፤ ሌላ ሳታገባ ኖረች።